የቀረውን ማን ይጠይቅልን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ሦስት ደብዳቤዎች የመጡት ከከተማችን ዳርቻ ነው። ሦስቱም በየፊናቸው የሚያነሱት ጉዳይ ተያያዥ ሆኖ ስላገኘሁት አንድ ላይ አስተናግዳቸዋለሁ። አምዱን አዲስ የሚያነብ ካለ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ወረዳ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ነበርኩ። የሴፍቲኔት፣ ማለትም ድሆችን በሥራ ወይም በቀጥታ የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ተጠቃሚዎችን መዝገብ ይዣለሁ፣ ሪፖርት ጽፌያለሁ፣ ከምክር ቤት እንግዳ ሲመጣ አስጎብኝቻለሁ። ስለዚህ ሕጉ ከሚለው ጋር በመዝገቡ ላይ ያየሁትንም እጨምራለሁ።

ጥያቄ፦ «እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ነው። ወረዳዬን ግን አይጻፉብኝ። በሴፍቲኔት ታቅፌ መንገድ ስጠርግና ቦይ ስጠርግ ቆይቼ ጊዜዬን ጨርሼ ተመርቄያለሁ። ከክፍያዬ ሃያ በመቶው እየተቆረጠ ተቆጥቦልኝ ስለነበር ምጣድና ዱቄት ገዝቼ ዛሬ እንጀራ እየጋገርኩ አከፋፍላለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የምጽፍልዎ ስለ ራሴ አይደለም። አጠገቤ አንዲት እናት ይኖራሉ። መሐል ከተማ የነበሩበት ግቢ ለልማት ሲነሳ በጥገኝነት የሚኖሩ ስለነበሩ ምትክ አላገኙም። አሁን አንድ ክፍል ተከራይተው ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። መሥራት ለማይችሉ ያለ ሥራ ለሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ ሊመዘገቡ ሲሄዱ ‹መሸኛ ያምጡ› ተባሉ። መሸኛ ሊያወጡ ወደ ቀድሞው ወረዳቸው ሲሄዱ ‹ፋይልዎ አልተገኘም› ተባሉ። በቅርቡ የምክር ቤት አባላት ሚኒስትር ሲጠይቁ በቴሌቪዥን አየሁ። ዕቅዱ ከሞላ ጎደል መሳካቱ ተነገረ። እኚህ እናት ግን በውስጡ የሉም። እነዚያ አባላት ስለ እርሳቸው እንዲጠይቁ ማን ይነግራቸዋል? ወይስ ሥራቸው አይደለም?»
(እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ከደቡብ ዳርቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጎረቤትዎ ብለው ብዕር በማንሳትዎ አመሰግንዎታለሁ።

አዎ፣ ሥራቸው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የሕግ አስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል። በእኚህ እናት ቤት አረጋዊትም፣ ወላጅ የሌላቸው ሕፃናትም አሉ። «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋን ሐረግ ብዙ ኃላፊ ይጠጋባታል። አቅሙ የሚለካው ግን በበጀት ነው፤ የፌዴራሉን በጀት የሚያጸድቀውም ያው ምክር ቤት ነው። በጀቱን እጁን አውጥቶ ያጸደቀ አባል፣ በዓመቱ አጋማሽ «አቅም የለም» ሲባል መልሱን ተቀብሎ መቀመጥ የለበትም።

ታዲያ ጎረቤትዎ ከጥያቄው የጠፉት የት ላይ ነው? ይህን በደንብ ልንገርዎ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ሥራ ሲጀምር አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ታቅዶ ነበር። ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ተመደበለት። በኋላም ወደ ብዙ ከተሞች ሰፍቷል። ቁጥሩ ከላይ ወደ ታች እየተከፋፈለ ይወርድና ወረዳ ላይ ኮታ ይሆናል። ወረዳው በኮሚቴና በነዋሪ ተሳትፎ ድሆችን ይለያል፣ ዝርዝሩን ይለጥፋል፣ ቅሬታ ይሰማል። ከዚያ ሪፖርቱ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴር ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሽቅብ ይጓዛል።

እኔ የምሞላው ቅጽ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ፣ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር የሚሉ ዓምዶች ነበሩት። ኮታው ከሞላ ክንውኑ መቶ ነው። ኮታው ስላለቀ የተመለሰ ሰው የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረም። ቅሬታ የሚል ዓምድ ነበር፤ እርሱም «የቀረበ» እና «ምላሽ ያገኘ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። «አይቻልም» የተባለ ሰው ምላሽ ያገኘ ተብሎ ይመዘገባል። መስኮት ላይ መጥቶ በቃል ተናግሮ በቃል የተመለሰው ደግሞ ቅሬታ እንዳቀረበም አይቆጠርም። ጎረቤትዎ «መሸኛ ያምጡ» ተብለው ሲመለሱ በአንዱም ዓምድ አልገቡም። ሪፖርቱ አራት ኪሎ ሲደርስ አባላቱ የሚያዩት የሞላ ክንውንና መቶ በመቶ ምላሽ ያገኘ ቅሬታ ነው። እዚያ ላይ ምን ብለው ይጠይቁ? ያልተጻፈን ሰው ከሠንጠረዥ ላይ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

የመስክ ምልከታውም ብዙ ጊዜ አያድንም። እንግዶች እንደሚመጡ ከዋዜማው ይነገራል። ሠራተኞቹ የሥራ ሰደርያቸውን ለብሰው ይሰለፋሉ፣ የጓሮ አትክልቱ ውኃ ይጠጣል፣ የተለወጡ ሁለት ሦስት እናቶች ይናገራሉ። የሚናገሩት እውነት ነው፤ እርስዎም ዛሬ ከእነዚያ አንዷ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን እንግዶቹ የሚያዩት የገባውን ሰው ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ግን ከአንድ ምክር ቤት ከመጡ አባላት መካከል አንዲት ሴት የተጠቃሚዋን ቤት ጎብኝታ ስትወጣ መኪና ውስጥ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ቀጣዩ በር ሄዳ አንኳኳች። የወጡት አዛውንት በአንድ እጃቸው በሩን ይዘው ቆሙ። «አባባ፣ እርስዎስ በሴፍቲኔቱ አልገቡም?» አለቻቸው። «ጠይቄ ነበር፤ ልጅ ዓረብ አገር አለህ ብለው መለሱኝ» አሉ። «ልጅዎ ገንዘብ ይልክልዎታል?» ስትላቸው «ድምፁን ከሰማሁ ሁለት ፋሲካ አለፈ» አሉ። ሴትዮዋ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተመልሳ የቅሬታ መዝገቡ እንዲመጣላት ጠየቀች። ቆማ ገጽ በገጽ ገለጠችው። «የተመለሱት የታሉ?» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ እኛ ዘንድ ለተመለሱ ሰዎች ከነምክንያቱ የሚመዘገብበት ደብተር ተከፈተ፤ በቀጣዩ ዙር ከደብተሩ ላይ ተለይተው የገቡ ነበሩ። ለአዛውንቱ ደስ አለኝ፤ ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን ያ ደብተር መከፈቱ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። በመጀመሪያ ጎረቤትዎ በቃል መናገራቸውን ይተዉ። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ይጻፉላቸው፤ አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡና በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ከእድራቸው ወይም ከጎረቤት ሽማግሌዎች እዚያ ቤት እንደሚኖሩና ሕፃናቱን እንደሚያሳድጉ የሚመሰክር ደብዳቤ ያያይዙ። ምርጫው በነዋሪ ምስክርነት ላይ ስለሚቆም ይህ ወረቀት ክብደት አለው። ወረዳው ከመለሳቸው መልሱን በጽሑፍ፣ ምክንያቱ ተገልጾ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአዲስ አበባ አስተዳደር አስፈጻሚ አካላትንም ይመለከታል፤ ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጥም ያዛል። ቀድሞ ከነበሩበት ወረዳም እንዲሁ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ ያውጡ። ፋይል የጠፋው በእርሳቸው እጅ አይደለም፤ ያ ደብዳቤ ይህንን ያሳያል።

ሁለቱም ወረዳዎች ካልጻፉላቸው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው አስተዳደራዊ በደልን እንዲመረምር ነው፤ ተጠሪነቱም ለዚያው ምክር ቤት ነው፤ አቤቱታም በነፃ ይቀበላል።

የምክር ቤቱ በር በሁለት በኩል ይከፈታል። ወረዳና ክፍለ ከተማ በሚሠሩት ሥራ ላይ በቅርብ የሚጠይቀው የከተማው ምክር ቤት ነው። የፌዴራሉ ምክር ቤት የሚጠይቀው ሚኒስቴሮቹን ነው። እዚህ ላይ አንድ ሥጋት አለኝ፦ የሴፍቲኔቱ ሥራ የሚመራው በከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር በኩል ሲሆን አረጋውያንና ሕፃናት ያሉት በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ነው። የሚከታተሏቸው ቋሚ ኮሚቴዎችም ይለያያሉ። እንደ ጎረቤትዎ ያለ ሰው በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ ለአካባቢያችሁ የምርጫ ክልል ተወካይ ስትጽፉ ለሁለቱም ኮሚቴዎች ግልባጭ አድርጉ። ብቻዎን አይጻፉ፤ በመሸኛ ምክንያት የተመለሱ ሌሎች ተከራዮች በሰፈራችሁ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም፤ ፈልጓቸውና አብራችሁ ፈርሙ።

ጊዜም ይምረጡ። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። በመካከሉ ለአንድ ወር ያህል ሊበተን ይችላል፤ አባላት ወደ መራጮቻቸው የሚወርዱበት ጊዜ ነው። ደብዳቤያችሁ ከስድስት ወሩ ሪፖርት በፊት ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ከበጀቱ በፊት ደግሞ የግድ ነው። ሐምሌ ላይ የደረሰ ደብዳቤ አንባቢ አያገኝም።

ለአባሉም ጥያቄውን እናንተው ጻፉለት፦ ባለፈው ዓመት አመልክተው የተመለሱት ስንት ናቸው? በምን በምን ምክንያት? ከእነርሱ ውስጥ በመሸኛና በመታወቂያ ብቻ የተመለሱት ስንት ናቸው? የተመለሰ ሰው በሪፖርት ቅጹ ላይ ዓምድ አለው ወይ? ሚኒስትሩ ቁጥሩን ካልያዘ፣ መቼ ይዞ እንደሚመጣ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

ጥያቄ፦ «እናቴ፣ አምድዎን እከታተላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የካ አባዶ ከወላጆቼ ጋር ሥራ ፈላጊ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ሁልጊዜ ‹ለምክር ቤት ጻፉ› ይላሉ። ምክር ቤቱ እኮ ከሞላ ጎደል የአንድ ፓርቲ ነው። የራሳቸውን ሚኒስትር አጥብቀው ይጠይቃሉ ብለው ከልብዎ ያምናሉ?»
(ተጠራጣሪው፣ ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ልጄ፣ ጥርጣሬህ መሠረት አለው። በ1997 ምርጫ የአዲስ አበባን 23ቱንም መቀመጫዎች ተቃዋሚዎች አሸንፈው ነበር። በ2002 ከ547ቱ መቀመጫዎች ለተቃዋሚ ፓርቲ የደረሰችው አንዲት ናት፤ በ2007 አንድም አልነበረም። ከ2013 ምርጫ በኋላ ጥቂት ገብተዋል። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18 ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ እንዲወያይና እርምጃ እንዲወስድ ይፈቅዳል። 547ቱም መቀመጫዎች ቢሞሉ አንድ ሦስተኛ ማለት ከ180 አባላት በላይ ነው፤ ያለ ገዥው ፓርቲ አባላት ያ ፊርማ አይሞላም።

ቢሆንም አልተውም፤ ምክንያቴን ልንገርህ። የገዥው ፓርቲ አባልም ሳይፈራ ሊጠይቅበት የሚችል አንድ ሰነድ አለ፤ የዋና ኦዲተር ሪፖርት ነው። ዋናው ኦዲተር በአንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን መርምሮ የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ ነው። የክዋኔ ኦዲት የሚባለው ደግሞ ገንዘቡ በትክክል መወራረዱን ብቻ ሳይሆን ሥራው ለታለመለት ሰው መድረሱን ይፈትሻል። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በዚህ ግኝት ላይ ኃላፊዎችን በይፋዊ ስብሰባ ይጠይቃል። ጥያቄው የኦዲተሩ ስለሆነ አባሉን ተቃዋሚ የሚያሰኘው ነገር የለም። ድክመቱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ያው ግኝት በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ሲመጣ ያልታረመበትን ኃላፊ ከቦታው እስከማንሳት የሚዘልቅ ክትትል ሲኖር ብዙ አላየንም፤ ይህ ያስቆጣኛል።

ሌላም ሰዓት አለ። መንግሥት ከዓለም ባንክ የሚበደረው ብድር በአዋጅ መጽደቅ አለበት፤ የሚያጸድቀውም ይኸው ምክር ቤት ነው። የሴፍቲኔትን ዓይነት ብድር ሲያጸድቁ ኮታው በምን እንደሚከፋፈል፣ የቀሩት ወዴት እንደሚሄዱ ቢጠይቁ ኖሮ የእንጀራ ጋጋሪዋ ጎረቤት ጉዳይ ከመጀመሪያው ይታሰብበት ነበር። በ2007 የወጣው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም ከሴፍቲኔት ሌላ የሥራ ዕድልና መተዳደሪያን፣ ማኅበራዊ መድንን፣ መሠረታዊ አገልግሎትን፣ ከጥቃትም መጠበቅን ይዟል። አንተም ሥራ ፈላጊ በመሆንህ በዚያ ውስጥ አለህ። ስለ ቀሪዎቹ መስኮች በሴፍቲኔቱ ልክ ሲጠየቅ መስማት እፈልጋለሁ።

የተማርክ ነህና አንድ ሥራ ልስጥህ። የመረጃ ነፃነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመልስ ይጠበቃል። በወረዳችሁ ስንት ሰው እንዳመለከተ፣ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደተመለሰ በጽሑፍ ጠይቅ። የሰዎችን ስም አትጠይቅ፤ ድህነታቸውን አደባባይ ማውጣት አይገባም። ቁጥሩ ሲደርስህ ለዚህ አምድ ላክልኝ፤ አትመዋለሁ። ካልሰጡህም እንዳልሰጡህ አትማለሁ።

ጥያቄ፦ «ቤቴ ከመንገዱ ማዶ፣ ሸገር ከተማ ነው። የቀን ሥራዬና የልጆቼ ትምህርት ቤት ወዲህ አዲስ አበባ ናቸው። ባለቤቴ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት ከተኛች ወዲህ ማስታመሙም ሥራውም በእኔ ላይ ነው። እርዳታ ስጠይቅ ወዲህ ያሉት ወደ ማዶ፣ ማዶ ያሉት ወዲህ ይልኩኛል። የእኔ ተወካይ ማን ነው?»
(ባለ ሁለት ከተማው)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ለባለቤትዎ ምሕረቱን ይላክላት።

የሚወስነው መኖሪያዎ እንጂ የሥራ ቦታዎ አይደለም። ሸገር ከተማ በ2015 በአዲስ አበባ ዙሪያ ከነበሩት ከተሞች ሲዋቀር በኦሮሚያ ክልል ሥር ነው የገባው። ስለዚህ ማመልከቻዎን የሚያስገቡት በሚኖሩበት በኩል ነው፤ የአካባቢውን አስፈጻሚ በክልል ደረጃ የሚጠይቀው የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ ነው። በፌዴራሉ ምክር ቤት ኦሮሚያ 178 መቀመጫዎች አሏት፤ ከእነርሱ አንዱ የእርስዎ የምርጫ ክልል ነው፤ ለዚያ ተወካይ ይጻፉ። «ወደ ማዶ ሂድ» ያለዎት ሁሉ በጽሑፍ ይበልዎት። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የፌዴራሉ አባል ለሚኒስትሩ ሊያነሳው የሚገባ ጥያቄ ይሆናሉ፤ በወሰን ላይ የሚኖር ሰው በየትኛው በኩል እንደሚመዘገብ በግልጽ ማወቅ አለበትና።

ሴፍቲኔቱ እስኪሳካ ግን የባለቤትዎ ሕክምና አይጠብቅም። በሚኖሩበት አካባቢ ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይጠይቁ። መደበኛ ደመወዝ ለሌላቸው ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው፤ መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ ድሆችም መንግሥት ይሸፍናል። የምዝገባና የእድሳት ወቅት ስላለው መቼ እንደሚጀመር አስቀድመው ይወቁ። ሲሄዱ የባለቤትዎን የሐኪም ማስረጃ፣ የልጆችዎን የልደት ምስክር ወረቀትና የቤት ኪራይ ውልዎን ይያዙ፤ መክፈል ከማይችሉት ጋር እንዲመዘገቡ የሚጠይቅ ማመልከቻም በሁለት ቅጂ ይጻፉ።